የመብራት ክፍያችን ናረ፤ ወደ ጋዝ ብንዞር ይሻለናል?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆችና አንዲት ሠራተኛ ነን። የራሳችን የካርድ ቆጣሪ አለን። የሞላነው ካርድ ቶሎ ቶሎ እያለቀ፣ የምንከፍለው ብርም እየጨመረ መጥቷል። ባለቤቴ መብራትና ቴሌቪዥን አጥፉ እያለ ልጆቹን ይቆጣል፤ ለውጥ ግን አላየንም። ቦይለሩን ቀኑን ሙሉ አናጠፋውም፤ ማጥፋትና ማብራቱ የበለጠ ይበላል ተብለን። እንጀራ በሳምንት ሦስት ቀን እንጋግራለን። ጎረቤቴ ለወጥ ጋዝ ተጠቀሚ፣ ይረክሳል ትለኛለች። ሶኬት ላይ የሚሰካ ኃይል ቆጣቢ የሚባል ዕቃም አይቼ ልገዛ እያሰብኩ ነው። ወይስ ቆጣሪው ራሱ ያጭበረብራል? ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦ ሶኬት ላይ የሚሰካውን ዕቃ አይግዙ። የወጥ ምድጃዎንም ወደ ጋዝ አይቀይሩ። ቦይለሩን ግን ማጥፋት ይልመዱ፤ ስለ እሱ የነገሩዎት ነገር ስህተት ነው። አንድ በአንድ ልሂድበት።

መጀመሪያ ስለ ብሩ። ክፍያ ጨመረ ማለት ሁልጊዜ ፍጆታ ጨመረ ማለት አይደለም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ለአራት ዓመት፣ በየሦስት ወሩ ጥቂት ጥቂት እየጨመረ እንዲሄድ ተደርጓል። ስለዚህ የአምናውን ያህል ተጠቅመውም የአምናውን ብር አይከፍሉም። በዚያ ላይ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በደረጃ የተከፈለ ነው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል። ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይወደዳል። ለስድስት ሰው ቤት ይህ ከባድ ነው። ግን ሌላ ገጽታም አለው፤ ፍጆታ ሲቀንሱ መጀመሪያ የሚቀንሱት ውዱን ነው። ፍጆታዎ በሩብ ቢወርድ ክፍያው ብዙ ጊዜ ከሩብ በላይ ይወርዳል።

ስለዚህ ብሩን ለጊዜው ይተዉትና ኪሎዋት ሰዓቱን ይከታተሉ። አንድ ኪሎዋት ሰዓት ማለት 1000 ዋት የሚስብ ዕቃ አንድ ሰዓት ሲሠራ የሚበላው ነው። ካውያዎ 1000 ዋት ከሆነና አንድ ሰዓት ሙሉ ከጋለ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሄደ ማለት ነው። ቆጣሪዎ ከተቀረው ሒሳብ ሌላ እስካሁን በጠቅላላ የቆጠረውንም ያሳያል። ያንን ቁጥር በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ለምሳሌ እሑድ ጠዋት፣ ወረቀት ላይ ጽፈው ፍሪጁ ላይ ይለጥፉት። የሳምንቱ ልዩነት የቤትዎ ትክክለኛ ፍጆታ ነው። ይህን ሳያውቁ የሚደረግ ቁጠባ ሁሉ በግምት ነው።

ቆጣሪው ያጭበረብራል ወይ ላሉት፣ ራስዎ መፈተን ይችላሉ። አብዛኛው ዲጂታል ቆጣሪ ፊቱ ላይ ብልጭ የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለችው። አጠገቧ 1000 ወይም 1600 ወይም ሌላ ቁጥር ተጽፎ ያገኛሉ። ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት መብራቷ ያን ያህል ጊዜ ብልጭ ትላለች ማለት ነው። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ያጥፉ፣ ይንቀሉ። ፍሪጁን አይርሱ። መብራቷ ብልጭ ማለቷን ካላቆመች ወይ የሚያፈስ መስመር አለ፣ ወይ ከእርስዎ መስመር የቀጠለ ሰው አለ። ያኔ ኤሌክትሪሻን ይጥሩ፤ መስመሩን ራስዎ አይነካኩ። ብልጭታው ካቆመ ደግሞ ቦይለሩን ብቻ ያብሩና ለአንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። ቦይለርዎ 1500 ዋት፣ የቆጣሪው ቁጥር 1000 ከሆነ 25 ጊዜ ገደማ ብልጭ ማለት አለበት። 1600 ከሆነ 40 ጊዜ። እዚያው አካባቢ ከሆነ ቆጣሪው ጤነኛ ነው። ክፍያ ናረብን ብለው ከሚጠይቁኝ ሰዎች አብዛኞቹ ቆጣሪውን ይጠረጥራሉ፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከቆጣሪው ወዲህ፣ ቤት ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የነገሩኝን ይዤ የእርስዎን ቤት ብገምት እንዲህ ይመስለኛል። ምጣዱ 3.5 ኪሎዋት ቢስብ፣ አንዱ ጋገራ ደግሞ አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ ቢፈጅ፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ሲጋገር በወር ወደ 80 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የወጥ ምድጃው በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ቢነድ ወደ 110። ቦይለሩ ለስድስት ሰው ሲሠራ፣ እንደ አስተጣጠባችሁ፣ 180 ሊደርስ ይችላል። ፍሪጁ 35 ገደማ። አምፖሎቹ ኤልኢዲ ከሆኑ ሁሉም ተደምረው 12 አይበልጡም። ቴሌቪዥኑ በቀን ስድስት ሰዓት ቢሠራ 15። ካውያው 6። ድምሩ ወደ 440 ይጠጋል። ከዚህ ውስጥ ውሃ ለማሞቅ፣ ለመጋገር፣ ወጥ ለመሥራትና ለመተኮስ የሄደው፣ ማለትም ሙቀት ለማውጣት የዋለው፣ ከ100 እጅ 85ቱን ይይዛል። መብራትና ቴሌቪዥን አንድ ላይ ስድስት እጅ ናቸው። ባለቤትዎ ልጆቹን የሚቆጣው ለዚህች ስድስት እጅ ነው። ልጆቹ ባዶ ክፍል ውስጥ መብራት ማጥፋታቸው ጥሩ ልማድ ነው፤ ካርዱን ግን አያቆየውም። ቤትዎ ውስጥ እስካሁን የድሮው ባለ 60 ወይም ባለ 100 ዋት አምፖል ካለ ይቀይሩት። ሁሉም ኤልኢዲ ከሆኑ ስለ አምፖል ማሰብዎን ይተዉ።

ከቦይለሩ እንጀምር። ሙቅ ውሃ የያዘ በርሜል ሙቀቱን ቀስ በቀስ ወደ ክፍሉ ይለቃል። በለቀቀ ቁጥር ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ማብሪያ፣ ይከፍትና መልሶ ያሞቃል። ቀኑን ሙሉ ሲበራ ማንም ሳይታጠብበት ይህ ይቀጥላል። ለአንድ ባለ 50 ሊትር ቦይለር እንዲህ የሚባክነው በቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው፤ አሮጌ ከሆነ ከዚያም በላይ። ሲያጠፉት ውሃው ይቀዘቅዛል፣ እውነት ነው። ግን እየቀዘቀዘ በሄደ ቁጥር የሚለቀው ሙቀት እያነሰ ይመጣል። መልሶ ለማሞቅ የሚወስደው ኃይልም ከለቀቀው አይበልጥም። ስለዚህ ማጥፋትና ማብራቱ የበለጠ ይበላል የሚባለው በምንም ሒሳብ አይወጣም።

ባለ 50 ሊትር ቦይለር ውሃውን ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ባለ 1500 ዋት ከሆነ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይፈጅበታል። የምመክርዎ ይህን ነው። ቤተሰቡ የሚታጠብበትን ሰዓት ሰብሰብ ያድርጉት። ማታ ከሆነ ከመታጠባችሁ ሁለት ሰዓት ቀደም ብለው ያብሩት፤ የመጀመሪያው ሰው ሲገባ ያጥፉት። ለሁሉም ካልበቃ መሃል ላይ ጥቂት ያብሩት። ማታ የተረፈው ሙቅ ውሃ ጠዋት ፊት ለመታጠብ ይበቃል፤ ጤነኛ ቦይለር ሌሊቱን ሙሉ ለብ ብሎ ያድራል።

ግን አንድ ነገር ልናገር። ማጥፋቱ ብቻውን ግማሹን አይቀንስልዎትም። በወር ቢበዛ 25 ወይም 30 ኪሎዋት ሰዓት ነው የሚያድነው። ትልቁ ፍጆታ ያለው ሰውነታችን ላይ የሚፈሰው ውሃ ውስጥ ነው። ሻወሩ በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚያፈስ በባልዲ ይለኩት። በደቂቃ ከ10 ሊትር በላይ ከሆነ ውሃ የሚቆጥብ የሻወር ጭንቅላት ይግዙ፤ ወደ 6 ወይም 7 ሊትር ሲወርድ የሙቅ ውሃውም ፍጆታ አብሮ ይወርዳል። ሌላው ቦታ የኩሽናው ሚክሰር፣ ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ የሚቀላቅለው ቧንቧ፣ ነው። እጀታው መሃል ላይ ቆሞ ሠራተኛዋ ብርጭቆ ባለቀለቀች ቁጥር ከቦይለሩ ሙቅ ውሃ ይወጣል። ውሃው ቧንቧው ላይ ሳይደርስ ብርጭቆው ታጥቦ አልቋል። ቧንቧው ውስጥ የቀረው ሙቅ ውሃ እዚያው ይቀዘቅዛል። እጀታው ሁልጊዜ ወደ ቀዝቃዛው ጥግ እንዲዞር ያስለምዱ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ለመቆጠብ ብለው ቴርሞስታቱን ወደ 40 ወይም 45 ዲግሪ አያውርዱት። ለብ ያለ የቆመ ውሃ ሳንባ የሚያጠቁ ባክቴሪያዎች የሚራቡበት ነው። 60 ዲግሪ ላይ ያድርጉት፤ 75 ላይ ከነበረ ያ ራሱ ቁጠባ ነው። ሁለተኛው፣ ቦይለሩ ሲሞቅ ከሥሩ ካለችው ቫልቭ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ካዩ አይድፈኑት። ግፊት የሚያስተነፍሰው እሱ ነው። ተደፍኖ ቴርሞስታቱ ከተበላሸ ቦይለር ይፈነዳል።

ምጣዱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የእኛ ቤት ፍጆታ ከሌላው ዓለም የሚለየው በእሱ ነው። አብዛኛው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ቤት ውስጥ እንደ እሱ የሚስብ የለም። ወፍራሙ ሸክላ እስኪግል ብቻ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ይህ አንድም እንጀራ ሳይወጣ ወደ አንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ነው። በሳምንት ሦስቴ የሚጋገረውን ወደ ሁለቴ ካወረዱ አንዱ ማጋያ ይቀርልዎታል። በአዲስ አበባ አየር እንጀራ ሦስትና አራት ቀን ሳይሻግት ይቆያል፤ ስለዚህ ሁለቴው ይበቃል። ከዚህ ብቻ የሚገኘው በወር 4 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ብዙ አይደለም። የሚበልጠው ብክነት ያለው በጋገራው መሃል ነው።

ምጣዱ ተሰክቶ ሊጡ ገና የሚቀጥንበትን ቤት ብዙ አይቻለሁ። ምጣዱ ግሎ ይጠብቃል። ቡሆው ተዘጋጅቶ፣ ማሰሻው፣ ሰፌዱ፣ መሶቡ ቀርቦ ካለቀ በኋላ ነው መሰካት ያለበት። አክንባሎው ሲከደን ጠርዙ በደንብ መግጠም አለበት። በአንድ በኩል ተንሻፎ እንፋሎት የሚወጣበት ከሆነ እንጀራው ለመብሰል ይዘገያል፤ ያ መዘግየት በየእንጀራው ይደመራል። እንጀራ ወጥቶ ቀጣዩ እስኪፈስ ያለው ጊዜም ይጠር። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁለት ሦስት እንጀራ ሲቀር ይንቀሉት። ሸክላው የያዘው ሙቀት ያበስላቸዋል። ከዚያ በኋላም ቆሎ ለመቁላት ወይም ድርቆሽ ለማድረቅ የሚሆን ሙቀት ይተርፋል።

የምጣዱን ሥርም ይመልከቱ። በሚጋገርበት ሰዓት እጅዎን ከምጣዱ በታች፣ ሳያስነኩ፣ ያስጠጉ። ጠረጴዛው የሚያቃጥል ከሆነ ሙቀቱ ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም እየሄደ ነው። ከሸክላውና ከሬዚስታንሱ (ከሚግለው ሽቦ) ሥር ሙቀት የሚከለክል ነገር የሌለው ምጣድ እንዲህ ያደርጋል። ይህን ምጣድ ጠጋኝ ሊያስተካክለው ይችላል። ካርቶን፣ ጨርቅ ወይም ስፖንጅ ራስዎ አይክተቱበት፤ እሳት ይነሳል። ሸክላው ከተሰነጠቀም መጠቀም ያቁሙ። ሊጡ በስንጥቁ ገብቶ ሬዚስታንሱን ይነካል። «ምጣዱ ይነዝረኛል» የሚባለው አንዱ መነሻ ይህ ነው። አርዝ የሚባለው፣ ያፈሰሰውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው መስመር በትክክል ያልታሰረለት ምጣድ ሰው ይገድላል። ስፒናውንም አንዴ ነቅለው ይዩት። ጫፉ ጠቁሮ፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ ከሆነ ችግር አለ። 3.5 ኪሎዋት ምጣድ 16 አምፔር ይስባል፤ ይህ የተለመደው ሶኬት የሚችለው የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ምጣድ በማከፋፈያ አይሰካም። ለብቻው ወፍራም ገመድና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል።

ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ሰው የማያስበው። ማታ ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ሲያበስል ቮልቴጁ ይወርዳል። ከ220 ወደ 180 ከወረደ የምጣዱ ጉልበት በሲሶ ይቀንሳል። ያኔ ምጣዱ በዝግታ ይግላል፣ እንጀራው ይደርቃል፣ ጋገራው ይረዝማል። በዚያ ረጅም ጊዜ ውስጥ ወደ ሥርና ወደ ጎን የሚጠፋው ሙቀት ግን አይቀንስም። ለአንድ እንጀራ የሚሄደው ኃይል ይጨምራል። ስለዚህ ጠዋት ወይም ከሰዓት ይጋገር።

አሁን ወደ ጎረቤትዎ ምክር። ጋዝ ይረክሳል ወይ የሚለውን በስሜት ሳይሆን በሒሳብ መመለስ ይቻላል። አንድ ኪሎ ጋዝ ወደ 13 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት አለው። ከዚያ ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው ድስቱ ውስጥ የሚገባው፤ የቀረው በድስቱ ጎንና ጎን ይወጣል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ድስቱ በደንብ ከተቀመጠበት ከ100 እጅ 70ውን ያህል ያስገባል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ጋዝ በምድጃ ላይ የ9 ኪሎዋት ሰዓትን ሥራ ይሠራል። ማወዳደሪያው ይህ ነው። የመጨረሻ ጋዝ የሞሉበትን ብር በኪሎው ያካፍሉ። ከዚያ የእርስዎን ውዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ በ9 ያባዙ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሒሳብ ሠርቶ ጋዝ የረከሰለት ቤት እስካሁን አላየሁም። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ ብዙ እጥፍ ነው። በእርስዎ ቤት አበሳሰል ባለ 12 ኪሎ ሲሊንደር አንድ ወር ገደማ ቢያቆይዎት ነው። ጎረቤትዎን ያሳሳታት ይመስለኛል፣ ጋዝ ስትጠቀም ካርዱ ይቆይላታል። የጋዙን ግን የምትከፍለው በሌላ ቀን ነው።

ጋዝ ፈጽሞ ይቅር አልልም። መብራት ሲጠፋ ልጆች ጦማቸውን እንዳያድሩ አንድ ሲሊንደር ቤት መኖሩ ጥሩ ነው። ለዚያ ብቻ ይያዙት። ሲያስሞሉ በሚዛን ያስመዝኑት፤ የባዶው ክብደት ሲሊንደሩ ላይ ተቀርጿል፣ ልዩነቱ የገዙት ጋዝ ነው። እሳቱ ሰማያዊ መሆን አለበት። ቢጫ ከሆነና ድስት ካጠቆረ በርነሩ ቆሽሿል፤ ጋዝም ይባክናል፣ መርዛማ ጭስም ይወጣል። እሳቱ ከድስቱ ቂጥ አልፎ ጎኑን ከላሰ ዝቅ ያድርጉት። ጎማውና ሬጉሌተሩ የሚያፈስ ከመሰለዎት በሳሙና አረፋ ይፈትኑ። ክብሪት ጭረው አይፈልጉ። ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ቆሞ ይቀመጥ፣ ኩሽናውም መስኮት ይኑረው።

እግረ መንገዴን ስለ ከሰል። መብራት ለመቆጠብ ብለው ወጥ ወደ ከሰል የሚመልሱ አሉ። ዛሬ ባለው የከሰል ዋጋ ይህ ቁጠባ አይሆንም። ከዚያ በላይ ግን፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ሰው ይገድላል። የከሰል ጭስ ሽታ የለውም ተብሎ አይታመንም፤ የሚገድለው ጋዝ ራሱ ሽታም ቀለምም የሌለው ነው። ለቡና ከሆነ በረንዳ ላይ፤ ልጆች በተኙበት ክፍል ውስጥ በፍጹም።

ወጥ ላይ በኤሌክትሪክ ምድጃም ብዙ ማዳን ይቻላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ አደንጓሬ፣ የቅቅል ሥጋ እንቢ የሚለው ለዚህ ነው። ምድጃውን የመጨረሻው ቁጥር ላይ ማድረግ አያፈጥነውም። አንዴ ከፈላ በኋላ ውሃው ከ92 አይዘልም፤ የጨመሩት ኃይል እንፋሎት ሆኖ ይወጣል፣ እርስዎም ውሃ ይጨምራሉ። ሲፈላ ወደ ታች ያውርዱት፣ ይክደኑት። ለእነዚህ ምግቦች ደግሞ ፕሬዠር ድስት ይግዙ። ከሁሉም ዕቃ ቶሎ ዋጋውን የሚመልስ ይህ ነው። ውስጡ ያለው ሙቀት ከ110 ዲግሪ ያልፋል። ማታ ተዘፍዝፎ ያደረ ሽምብራ በሰዓታት ምትክ በደቂቃዎች ይበስላል። የጎማ ቀለበቱ ከደረቀ ይቀየር። እንፋሎቱ ሳይወጣ በግድ አይከፈት።

ቁሌት በየቀኑ ከሚያቁላሉ የሳምንቱን አንዴ ሠርተው በትንንሽ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ። ሽንኩርት ለማቁላላት የሚሄደው ሰዓት ከወጡ ሰዓት ይረዝማልና። የአሉሚኒየም ድስትዎን ገልብጠው ቂጡ ላይ ማስመሪያ ያስደግፉበት። ጎብጦ መሃሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ምድጃውን የሚነካው በጥቂት ቦታ ብቻ ነው፤ ሙቀቱ ለኩሽናው ነው የሚሄደው። ያንን ድስት ለሌላ ሥራ ያድርጉት።

ኢንዳክሽን ምድጃ ልግዛ ካሉ፣ ከኃይል አንፃር የተሻለ ነው። ግን አሉሚኒየምም ሸክላ ድስትም አይሠራበትም። ማግኔት የሚይዘው ድስት ብቻ ነው የሚሠራው። ድስቶቹን ሁሉ መቀየር ሲጨመርበት ለእርስዎ ቤት አሁን አይመከርም። የፀሐይ ውሃ ማሞቂያም ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን ጣሪያው የጋራ በሆነበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ የነዋሪዎች ስምምነት ይፈልጋል፣ በክረምትም ኤሌክትሪክ ደጋፊ ያሻዋል።

ሶኬት ላይ ስለሚሰካው ዕቃ በአጭሩ። ውስጡ ካፓሲተር የምትባል፣ ኤሌክትሪክ ለአፍታ የምትይዝ ትንሽ ዕቃና አንዲት አምፖል ናቸው ያሉት። ካፓሲተር ለትልልቅ ሞተር ላላቸው ፋብሪካዎች ይጠቅማል። የመኖሪያ ቤት ቆጣሪ የሚያስከፍለው ግን ካፓሲተር የማይነካውን ኃይል ነው። ምጣድና ቦይለር ላይ ደግሞ የሚያስተካክለው ምንም ነገር የለም። ብሩን ለፕሬዠር ድስቱ ያውሉት።

ፍሪጁን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ያርቁት፤ የሞቀ ድስት አይክተቱበት። የበሩ ጎማ ወረቀት ይዞ የማይጨብጥ ከሆነ ይቀየር። ከዚህ በላይ ፍሪጅ ላይ አይልፉ።

እርስዎ የራስዎ ቆጣሪ አለዎት። በአንድ ግቢ ሁለትና ሦስት አባወራ አንድ ቆጣሪ ለሚጋሩ ግን ነገሩ ይከፋል። የሁሉም ፍጆታ ተደምሮ ወደ ውዱ ደረጃ ይወጣል፤ ለአንድ አምፖል የሚጠቀመው ተከራይም በውዱ ዋጋ ይከፍላል። እነሱ መጀመሪያ የሚያስቡት ቁጠባ ሳይሆን ቆጣሪ መለየት ነው። እስከዚያ ድረስ ለእያንዳንዱ ቤት ትንሽ ንዑስ ቆጣሪ ማሰር ክፍያው በሰው ቁጥር ሳይሆን በፍጆታ እንዲከፈል ያደርጋል።

ለእርስዎ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ሳይቀይሩ ቆጣሪውን ብቻ ያንብቡ። በሁለተኛው ቦይለሩን 60 ላይ አድርገው በሰዓቱ ማብራት ይጀምሩ፣ የሻወር ጭንቅላቱንም ይቀይሩ። በሦስተኛው ጋገራውን ወደ ሁለት ቀን ያውርዱ፣ የምጣዱን ስፒናና አርዝ ባለሙያ ይይልዎት። ከዚያ ፕሬዠር ድስቱን ይግዙ። ለየብቻ የሚቀየረው ነገር ስንት እንዳዳነ የሚታወቀው እንዲህ ሲሆን ነው። በግምቴ ከ440 ወደ 320 አካባቢ መውረድ ይቻላል። ከዚያ በታች ለመውረድ ልጆቹን በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ ወይም እንጀራ ከውጭ መግዛት ይመጣል፤ ያንን አልመክርም። ቦይለሩ ተስተካክሎ ከአራት ሳምንት በኋላ የሳምንቱ ቁጥር ምንም ካልወረደ የቦይለሩን ቴርሞስታት ያስፈትሹ። ሳያጠፋ የሚቀር ቴርሞስታት ብቻውን ይህን ሁሉ ፍጆታ ሊያመጣ ይችላል።